በር፣ መቀርቀሪያና ቀይ ድንጋይ፤ የአመክንዮ ዑደት ስያሜዎች ታሪክና መሻሻል

ሀ. መነሻ

ስያሜ ከነገሩ በኋላ የሚወለድ ነው፤ ከተወለደ በኋላ ግን ነገሩን መልሶ የሚያስተምር፣ አንዳንዴም የሚያሳስት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጠባብ የሚመስል አንድ መስክ ነው፤ ይኸውም የአመክንዮ ዑደት ክፍሎች በአማርኛ የሚጠሩባቸውና ሊጠሩባቸው የሚችሉ ስሞች አመጣጥ ነው። ለመፈተኛነት የመረጥነው የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራን ሳይሆን ማይንክራፍት የተባለውን የብሎኬት ጨዋታ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ በጨዋታው ውስጥ የዑደቱ ክፍሎች ተሸፋፍነው የተቀመጡ አይደሉም፤ ተጫዋቹ እያንዳንዱን በገዛ እጁ ያኖራል፣ ያነሣል፣ ያሻሽላል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከመምህሩና ከመዝገበ ቃላቱ ቀድሞ ወደ ልጆች እጅ ገብቷል። ቃል ሠሪው ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም።

ጥያቄው በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚመለስ አለመሆኑን ለማሳየት የባሌን ምድር እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ከሮቤና ከጎባ ደጋ አንሥቶ ወደ ደቡብ እስከ ብድሬ ባለው አገር የሚያድግ ተማሪ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን የሚማረው በላቲን ፊደል በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማረዋል፤ በገበያና በመንገድ ይሰማዋል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፊዚክሱና ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይቀርቡለታል። ዕድል ቀንቶት ሮቤ ላይ በሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም የኮምፒዩተር ትምህርቱ በዚያው በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ይህ ተማሪ አንድን ሐሳብ በሦስት ቋንቋ መሸከም ግድ ይለዋል። እኛ የምንሠራው የአማርኛ ስያሜ ሸክሙን የሚያቀልለት ወይስ አራተኛ ሸክም የሚጨምርበት ይሆናል? የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባሉ በስተቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለ. የቀደመው ልማድ

ሙያዊ ቃል መፍጠር ለአማርኛና ለግእዝ እንግዳ ሥራ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ለማስላት የሚጠቀሙባቸውን ሦስት ቃላት ብቻ ብንመለከት፣ እስከ ዛሬ የምንከራከርባቸውን ሦስት የስያሜ መንገዶች ጎን ለጎን እናገኛለን። «ወንበር» የቤት ዕቃ ስም ነው፤ ትርጉሙ ተስፋፍቶ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዙር ቀሪ ተብሏል። «መጥቅዕ» የደወል ስም የሆነ የግእዝ ቃል ነው። «አበቅቴ» ደግሞ ከግሪክ የመጣ ውሰት ነው። አንዱ ከቤት፣ አንዱ ከመጽሐፍ፣ አንዱ ከባሕር ማዶ መጥተው በአንድ ቀመር ውስጥ ያለ ጠብ ኖረዋል። ሊቃውንቱ የቃሉን ዘር ከመቍጠር ይልቅ ቃሉ በስሌቱ ውስጥ ሥራውን በትክክል መሥራቱን ይመለከቱ ነበር ማለት ይቻላል።

የኤሌክትሪክ ነገር ወደ አገራችን ሲገባም ሕዝቡ አካዳሚ እስኪቋቋም አልጠበቀም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው የመነጋገሪያ መሣሪያ «ስልክ» ተባለ፤ ቃሉ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ መሣሪያው በማስተላለፊያው ተጠራ። «ኮረንቲ» ከኢጣልያንኛ፣ «አምፑል» ከፈረንሳይኛ ተወሰዱ። የኃይሉን ፍጆታ የሚለካው ዕቃ ግን «ቆጣሪ»፣ መክፈቻና መዝጊያው «ማብሪያና ማጥፊያ» ተብለው ከአገር ግስ ወጡ። ኃይሉ በጠቅላላው «መብራት» ሆነ፤ ወፍጮው ቢቆምም ራዲዮው ቢዘጋም «መብራት ሄደ» እንላለን። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ግድብ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሥራ ሲጀምርም፣ በሰው አፍ የመጣው «መብራት» እንጂ «ሜጋ ዋት» አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ ለጉዳያችን የሚበልጠው «የባትሪ ድንጋይ» የሚለው አጠራር ነው። ኃይል አምቆ የያዘውን ትንሽ ደረቅ ዕቃ ሕዝቡ ድንጋይ ብሎታል። እንግዲህ በጨዋታው ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፈው ማዕድን በእንግሊዝኛ ስሙ ቀይ ድንጋይ መባሉ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስገርም አይሆንም። ኃይል ያለው ድንጋይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በየሱቁ ሲሸጥለት ኖሯልና።

የተደራጀው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ቆይቶም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በሚል ስም ሥራውን አሰፋ። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታተመ። ይህን የመሰለ ሥራ ብዙ ሺህ ቃላትን በአንድ ጊዜ ለመሰየም የተነሣ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ቃል በእጅ ተይዞ፣ ተሠርቶና ተበላሽቶ የሚፈተንበት አጋጣሚ ጠባብ መሆኑ አይቀርም። ጨዋታው ለቃል ሠሪው የሚሰጠው ይህንኑ አጋጣሚ ነው።

ሐ. ከቡል እስከ ብሎኬት

እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1847 እና በ1854 (እ.ኤ.አ.) ባሳተማቸው መጻሕፍት እውነትንና ሐሰትን በአልጀብራ ምልክት መጻፍ እንደሚቻል አሳየ። ሐሳቡ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የፈላስፎችና የሒሳብ ሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ ኖረ። በ1937 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ገና የማስተርስ ተማሪ ሳለ ባዘጋጀው ድርሳን፣ የስልክ ማዕከሎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያዎች የቡልን አልጀብራ በትክክል እንደሚከተሉ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉት ቃላት በሽቦ የሚሠሩ ዕቃዎች ሆኑ። የሰዋስው አገባቦች ወደ ብረት ተለወጡ ማለት ነው። ስለዚህ የአመክንዮ ዑደት ስያሜ ከማንኛውም የምህንድስና ስያሜ ይልቅ ለቋንቋ ሊቅ የሚቀርብ ነው።

ማይንክራፍት በስዊድናዊው ማርኩስ ፔርሶን ተጀምሮ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ቀረበ፤ የተሟላው ቅጂ በ2011 ወጣ። ሬድስቶን የተባለው ቀይ ድንጋይ የገባው በ2010 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በእርሱ የሚደምርና የሚቀንስ የስሌት ክፍል ሠርተው አሳይተዋል። ምልክቱን የሚያድሰው ክፍል በ2011፣ ሁለት ምልክቶችን የሚያነጻጽረው ክፍል በ2013 ተጨመሩ። ሠሪው ድርጅት በ2014 በማይክሮሶፍት ተገዛ።

የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። ቀዩ ብናኝ መሬት ላይ ሲነሰነስ እንደ ሽቦ ያገለግላል። ከምንጩ በ15 ኃይል የሚነሣው ምልክት በእያንዳንዱ ብሎኬት አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ችቦ የተሰካበት ብሎኬት ኃይል ካገኘ ችቦው ይጠፋል፤ ኃይል ካጣ ይበራል። ችቦው ለመለወጥ አንድ ምት፣ ማለትም የሴኮንድ ዐሥረኛ፣ ይፈጅበታል። ከዚህ የተረፈው ሁሉ የገንቢው ብልሃት ነው።

መ. ሰዋስው በችቦ

ከላይ የተገለጸው ችቦ አሉታ ነው፤ የገባበትን ተቃራኒ ያወጣል። ለዚህ ክፍል በቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቃል «ገልባጭ» ነው። ነገር ግን ገልባጭ በመንገድ ላይ አሸዋና ጠጠር የሚደፋ የጭነት መኪና ነው፤ በመጻሕፍት ቤት ደግሞ የሚቀዳ ጸሓፊ ነው። የኋለኛው ፍች በተለይ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ቀጂ የሚሻው ያንኑ መድገም ሲሆን ችቦው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። የሰዋስው መምህራን ያቆዩልን «አሉታ» ግን ጥርት ያለ ነው። ስለሆነም «የአሉታ በር» የሚለውን እናስቀድማለን።

ሁለት የብናኝ መስመሮች ቢገናኙ ከሁለቱ አንዱ ሲበራ መጋጠሚያው ይበራል፤ ይህ የ«ወይም» በር ነው። የ«እና» በር ግን በቀጥታ አይገኝም። ገንቢው ሁለት ችቦዎችን በሁለቱ መግቢያዎች ላይ ይሰካል፣ መውጫዎቻቸውን በብናኝ ያገናኛል፣ በመጨረሻም ሦስተኛ ችቦ ያደርግበታል። ሦስተኛው ችቦ የሚበራው ከመግቢያዎቹ አንዱም ያልጠፋ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህ በትምህርት ቤት የዲ ሞርጋን ሕግ ተብሎ የሚጠና ሲሆን ለብዙ ተማሪዎች ይከብዳል። አማርኛ ተናጋሪ ግን በየዕለቱ ይጠቀምበታል። «ሁሉም መጡ» ለማለት «ያልመጣ የለም» እንላለን፤ «ሁሉ ያውቃል» ለማለት «የማያውቅ የለም» እንላለን። በ«ያል» እና በ«የለም» ሁለት ጊዜ አፍርሰን አንድ ምሉዕ አዎንታ እንሠራለን። ሦስቱ ችቦዎች የሚናገሩት «ያልበራ የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው። መምህሩ በዚህ ቢጀምር ሕጉን ማስተማር ሳይሆን ተማሪው የሚያውቀውን ማስታወስ ብቻ ይሆንለታል።

የበለጠ የሚያስደንቀው አራተኛው በር ነው። ይህ በር የሚበራው ከሁለቱ መግቢያዎች አንዱ ብቻ ሲበራ ነው፤ ሁለቱም ከበሩ ይጠፋል። እንግሊዝኛ ለዚህ የራሱ አገባብ ስለሌለው «አግላይ ወይም» ብሎ ቅጽል ይጨምራል። አማርኛ ግን «ወይም» እና «ወይስ»ን ለይቶ ይዟል። «ቡና ወይም ሻይ አለ» ሲባል ሁለቱም መኖራቸው አይከለከልም። «ቡና ትጠጣለህ ወይስ ሻይ?» ሲባል ግን ተጠያቂው አንዱን እንዲመርጥ ይጠበቃል። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ በዐረፍተ ነገር «ዮካን»ን፣ በአማራጭ ጥያቄ «ሞ»ን ይጠቀማል። ስለዚህ የባሌ ተማሪ ልዩነቱን በሁለት ቋንቋ ያውቀዋል፤ የሚቸግረው በሦስተኛው ነው። «የወይስ በር» ብንል በአንድ ፊደል ለውጥ የተሟላ ስያሜ እናገኛለን።

አንድ ተቃውሞ እንደሚቀርብ እናውቃለን። «ወይስ» የጥያቄ አገባብ እንጂ የሐተታ አይደለም፤ በሩ ግን አይጠይቅም፣ ይወስናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሙያዊ ስያሜ ቃሉን ከነሙሉ አገባቡ አይወስድም፤ አንድ ጠባይ መርጦ ይወስዳል። የባሕረ ሐሳብ ወንበርም ማንንም አያስቀምጥም።

ሠ. የዑደት መሻሻልና የስያሜ መሻሻል

ዑደት ሠሪ ሥራውን የሚያሻሽለው ባብዛኛው በአራት መንገድ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ጊዜ ያሳጥራል፣ ድካምና መሰናከልን ያስወግዳል፣ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ያለ ማስተካከያ እንዲገጣጠም ያደርጋል። እነዚህ አራት መመዘኛዎች ለቃል ሠሪም ይሠራሉ።

ደማሪን እንውሰድ። ሁለት አሐዞችን የሚደምረው ግማሽ ደማሪ አንድ የወይስ በርና አንድ የእና በር ነው፤ የመጀመሪያው ድምሩን፣ ሁለተኛው ወደ ቀጣዩ ቤት የሚያልፈውን ይሰጣል። የሚያልፈውን አሐዝ ምን እንበለው? ተማሪዎች ሲደምሩ «አንድ ያዝ» ስለሚሉ «ተያዥ» ይመጣል። ነገር ግን ተያዥ በቅጥር ጊዜ የሚጠየቅ ዋስ ነው፤ በዚህም ላይ አሐዙ ይያዛል እንጂ አይቆምም፣ ይሄዳል። «ተሻጋሪ» የተሻለ ይመስለናል፤ እንቅስቃሴውን ይገልጻልና።

ስምንት ደማሪዎች ቢደረደሩ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ተሻጋሪ መጠበቅ አለበት። አንዱ ደረጃ ሁለት ምት ቢፈጅ ስምንቱ 16 ምት፣ ማለትም 1.6 ሴኮንድ ይፈጃሉ። የገንቢዎች መሻሻል የመጣው ተሻጋሪው በየቤቱ እየቆመ እንዳይሄድ፣ የት እንደሚፈጠርና የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ የሚያሰላ መስመር በጎን በመዘርጋት ነው። የተርጓሚም ድካም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አንባቢው «አግላይ ወይም» ለመረዳት መጀመሪያ ማግለልን፣ ቀጥሎ ወይምን፣ ቀጥሎ የሁለቱን ግንኙነት ማሰብ አለበት፤ «ወይስ» ግን በአንድ ምት ይደርሳል።

ምልክቱ በ15 ብሎኬት ውስጥ ሲደክም የሚያድሰውን ክፍል እንግሊዝኛ «ደጋሚ» ይለዋል። በአማርኛ ደጋሚ ዳዊት የሚደግም ነው፤ ክፉ ሲነሣበት ደግሞ ድግምተኛ ነው። ከዚህም በላይ ክፍሉ የሚሠራው መድገም ብቻ አይደለም። ኃይሉን ወደ 15 ይመልሳል፣ ከአንድ እስከ አራት ምት ያዘገያል፣ ወደ ኋላም እንዳይመለስ ያግዳል። ከአንዱ ተቀብሎ በአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው የሚያሳልፍ በገበያ «አቀባይ» ይባላል። የጎባ ነጋዴ አቀባይ ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም፤ ስለዚህ ይህንኑ እናቀርባለን።

ሁለት ችቦዎች ፊት ለፊት ተደርገው አንዱ የሌላውን ቢያጠፋ፣ የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚያስታውስ ክፍል ይሆናሉ። ትእዛዙ ቢነሣ እንኳ የበራው በርቶ፣ የጠፋው ጠፍቶ ይኖራል። ይህ የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ የመጀመሪያ ፍሬ ነው። እንግሊዝኛው ስሙን የወሰደው ከበር ዕቃ ነው፤ እኛም «መቀርቀሪያ» አለን። መቀርቀሪያ ሲገፋ ይገባል፤ እጅ ቢለቀውም በገባበት ይኖራል፤ እስኪሳብ አይወጣም። «በር» ካልን «መቀርቀሪያ» ራሱ ይከተላል፤ አንዱ ስያሜ ለሌላው መንገድ ይከፍታል።

በአራተኛው መመዘኛ፣ በመገጣጠም፣ የአማርኛ ግስ ትልቅ ሀብት ነው። ከ«ደመረ» ድምር፣ ደማሪ፣ ተደማሪ፣ መደመሪያ ይወጣሉ፤ ከ«አነጻጸረ» ንጽጽር፣ አነጻጻሪ፣ ማነጻጸሪያ ይወጣሉ። ሥሩ አንድ፣ ቅርጹ የታወቀ በመሆኑ አንድ ቃል የተማረ አራቱን ሳይነገረው ያውቃል። ውሰት የዚህ ዕድል ብዙ ጊዜ የለውም። «ትራንዚስተር» ቢገባ እሰየው፤ ግን አይረባም፣ አይዋለድም።

ለስያሜ ሁሉ ግን ድል አንናገርም። «ዑደት» የሚለውን ዋና ቃላችንን እንመልከት። ቃሉ ከግእዝ «ዖደ» የመጣ፣ መዞርን የሚያመለክት፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐትም የታወቀ ነው። ለእውነተኛው ኤሌክትሪክ ተስማሚ ነው፤ መስመሩ ዞሮ ካልተዘጋ አምፑሉ አይበራምና። በጨዋታው ውስጥ ግን ምልክቱ ከምንጭ ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ይሞታል፤ ወደ ተነሣበት አይመለስም። በጨዋታው ብቻ የተማረ ልጅ አንድ ሽቦ ከባትሪ ድንጋይ ወደ አምፑል ዘርግቶ ለምን አልበራም ቢል፣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ «ዑደት»ን ለእውነተኛው ትምህርት አቆይተን፣ ለጨዋታው ግንባታ «የአመክንዮ መስመር» ማለት ይበጃል ብለን እናምናለን። ሁለት ቃል መያዝ እዚህ ላይ ብክነት አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያስተምረው ራሱ የቃሉ መለያየት ነው።

ረ. አንድ ፈተና

ስያሜዎቹ አብረው መሥራታቸውን ለማየት አንድ የአገር ስሌት እንሞክር። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። መጥቅዕ እስከ 30 ስለሚደርስ፣ ከ15 የማያልፈው የቀይ ድንጋይ ኃይል ብቻውን አይሸከመውም። ነገር ግን በሁለትዮሽ ቍጥር ቢጻፍ አምስት መስመር ይበቃዋል። ከ14 በላይ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ አምስተኛው መስመር ይበራ፣ «ወይም» የቀሩት አራቱ ሁሉ ይብሩ። አምስተኛው ሲበራ ቍጥሩ 16 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አራቱ ብቻ ሲበሩ 15 ነው። የ2017 ዓ.ም. መጥቅዕ 29 ነበረ፤ አምስተኛው መስመር ስለሚበራ መልሱ መስከረም ይሆናል።

ይህን አንቀጽ የጻፍነው በአንድ የወይም በርና ባለ አራት መግቢያ በሆነ አንድ የእና በር የሚሠራ ዕቃን ለመግለጽ ነው። አንባቢው ልብ ቢል፣ ከባዕድ ቋንቋ አንድ ቃል መለመን አላስፈለገንም። የእና በሩም አራት ችቦዎች ተገናኝተው በአምስተኛው ችቦ የሚፈረድባቸው፣ «ያልበራ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰ. ማጠቃለያ

ያቀረብናቸው ስያሜዎች ሐሳቦች እንጂ ውሳኔዎች አይደሉም። የአሉታ በር፣ የወይስ በር፣ አቀባይ፣ ተሻጋሪ፣ መቀርቀሪያ፣ የአመክንዮ መስመር፤ እያንዳንዳቸው ሊተቹ፣ ሊሻሩ፣ በተሻለ ሊተኩ ይገባቸዋል። ሆኖም የተገኙበትን መንገድ እንድናጸና እንለምናለን። መጀመሪያ ክፍሉ ምን እንደሚሠራ በእጅ እንፈትን፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ለተመሳሳይ ሥራ ምን እንደሚል እናዳምጥ፤ ቀጥሎም የጎረቤት ቋንቋዎቻችን ያንኑ ልዩነት መያዛቸውን እንመርምር፤ የእንግሊዝኛውን ስም በመጨረሻ እንመልከት። ልማዳችን ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው የሚጀምር ሆኗል።

በባሌ ደጋ ያለው ተማሪ «ሞ» እና «ወይስ»ን ከእናቱና ከገበያው ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሠንጠረዥ ሲያጠና እንግዳ ነገር የተማረ ከመሰለው፣ ከሁለቱ ቋንቋዎቹ ያመጣው ዕውቀት በበሩ ላይ ቀረ ማለት ነው። የመዝገበ ቃላት ሥራ ለዚያ በር መቀርቀሪያ መሆን የለበትም።